ያልተጻፈችው ቁንጣሪ

ሉንድ፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1997

ኢንዛይሙ ውስጥ መዳብ የለም።

ይድረስ ለመምህሬ ለፕሮፌሰር አኒባል ቴሳንዶሪ። ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ። ሦስት ጊዜ በሰላምታ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ሰላምታው ላይ ስለቀረሁ ነገሩን አስቀደምኩት። አሁን ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሮሳሪዮ ሙቀቱ በረደ?

በገና ካርድዎ ላይ ስድስት ወር ሙሉ ምን ዋጠሽ ብለው ጠይቀውኛል። የዋጠኝ ከላይ ያለው መስመር ነው። ባለፈው ጁን የመዳብ ጨዋችን አለቀ፤ ሻጩ ሦስት ሳምንት ታገሡኝ አለ። ያደገ ባክቴሪያ ግን ሦስት ሳምንት አይቆይም። ያቺን የምናውቃትን ቁንጣሪ ሰማያዊ ጨው ሳልጨምር ፕሮቲኑን አወጣሁ። ይበላሻል ብዬ ነበር። ወፍራሟ (ኢንዛይማችንን እዚህም በእናንተው ስም ነው የምጠራት) እንደ ውኃ ቀለም አልባ ሆና ወጣች። ሥራዋን ስለካው ሠላሳ ዓመት ከምናውቀው ዘጠኝ እጥፍ ፈጠነች። ስድስት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ ምን ብረት እንዳለባት አስመረመርኩ። ዚንክ ነው። በአንድ ፕሮቲን አንድ ዚንክ፤ ባክቴሪያው ራሱ፣ ፓራና ወንዝ ጭቃ ውስጥ እንደሚያደርገው፣ ያስገባው። መዳቡን የምናስገባው እኛ ነን። ስናስገባው ዚንኩን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል፤ ወፍራሟም ሰማያዊ ሆና ታነክሳለች። እኛ ያጠናነው ማነከሷን ነው።

ይህን ብቻ አሳትሜ ዝም ብል ደስ ባለኝ። አስቸጋሪው በ1981 የጻፍኩት የዶክትሬት ማሟያዬ ነው። እዚያ ላይ አንድ ፕሮቲን፣ አንድ መዳብ ብዬ ቆጥሬአለሁ። ቁንጣሪዋ ግን በአሠራሩ ገጽ ላይ የለችም። የሚያነብ ሰው፣ ልጅቷ መዳቡን በድብቅ ጨመረችና መልሳ ቆጠረችው ይላል። ብሏልም። የቤተ ሙከራዬን ዕጣ የሚወስነው ኮሚቴ ጁን መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ከአባላቱ አንዱ ይህንኑ በጽሑፍ ጠይቆኛል። መልሴን እስከ ሜይ 30 ማስረከብ አለብኝ። ካልመለስኩ ቤተ ሙከራው ይዘጋል፤ አጭበርባሪ የሚለውም ስም የትም ብሄድ ይከተለኛል።

ያንን መስመር እኔ ጽፌው ነበር። እርስዎ በእርሳስ ሰረዙት። «ሾርባ የሚሠራ ሰው ጨው ጨመርኩ ብሎ አይጽፍም» ብለው ሳቁ፤ እኛም ሳቅን።

ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ገጽ ነው። ቁንጣሪዋን ማን ጀመራት፣ ለምን ጀመራት፣ መስመሩን ማን ሰረዘው። ሌላም የማይገባኝ ነገር አለ። በ1968፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሲያወጡ፣ ቁንጣሪዋ ገና አልነበረችም። ታዲያ ያኔ የቆጠሩት መዳብ ከየት መጣ? በር ላይ ያለው የእንጨት ገበቴ ትዝ ይለኛል፤ ቀለበት፣ ሰዓት፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም ሳይቀር እሱ ላይ ጥለን ነበር የምንገባው። ማንኪያው የቀንድ። ማቴ፣ ያንን የቅጠል ሻይ፣ የምንጠጣበት የብረት መምጠጫ ከኮሪደሩ አያልፍም። አንዱን ተማሪ ቀበቶው ዘለበት አለው ብለው ወደ ቤቱ ሰደውታል። እንዲህ ባለ ቤት ብረት በየት በኩል ገባ?

ለሜይ 9 የላኩልኝ ጥሪ ደርሶኛል። አዳራሹ በስምዎ መጠራቱ ተገቢ ነው። እንኳን ደስ አለዎት ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ።

ተማሪዎ
ሉድሚላ ስቴፋኒች


ሮሳሪዮ፣ ማርች 3 ቀን 1997

ሚላ፣

ደብዳቤሽ በአሥራ ሰባት ቀኑ ደረሰ። ጉልበቴ ደህና ነው። ሙቀቱ አልበረደም። ወንዙ ጎድሏል፤ ደሴቶቹ ላይ ሣር እየተቃጠለ ጭሱ ወደ ከተማ ይገባል። መስኮት ዘግቼ እውላለሁ።

ቁጥሮችሽን አየኋቸው። ጥሩ ሥራ ነው። ስህተት ለማግኘት አንድ ሙሉ ቀን ፈለግኩ፤ የለም። ከዚያ ተነሥቼ ምሳዬን በላሁ። እንደወትሮው በላሁ። ይህን የምጽፍልሽ ሌላ ምን እንደምጽፍልሽ ስላላወቅኩ ነው።

ስለ ገጹ። ቁንጣሪዋ የተጀመረችው በ1974 ነው። ፕሮቲኑ በማውጣት ሂደት ላይ መዳቡን በቀላሉ ይጥላል ብለን አሰብን፤ የጣለውን መመለስ ነበር ዓላማው። በ1975ቱ ጽሑፍ ላይ ፕሮቲኑ ብረቱን አጥብቆ እንደማይዝ ተገልጿል። ማን እንደጀመራት በእርግጠኝነት አልናገርም። የብዙ ሰው እጅ የሚገባበት ቤት ነበር። መስመር ስለመሰረዜም አላስታውስም። በሕይወቴ ብዙ መስመር ሰርዣለሁ።

ስለ 1968ቱ ደግሞ፣ ውኃውን ለመጠርጠር ምክንያት የለም። ውኃው ንጹሕ ነበር።

አዳራሹን ቀለም እየቀቡት ነው። ዲኑ፣ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ ከመዳብ ቢሆን ለነገሩ ይስማማል ብሏል። አልተቃወምኩም። የምትመጪ ከሆነ ማረፊያ እንዲያዝልሽ አስቀድመሽ ጻፊ።

አኒባል ቴሳንዶሪ


ሉንድ፣ ማርች 24 ቀን 1997

ፕሮፌሰር፣

ስለ ውኃው አልጠየቅኩዎትም።

ደብዳቤዎን ሳነብ እዚያ ቦታ ላይ ቆምኩ፣ የራሴንም ቅጂ አውጥቼ አየሁ። ስለ ቀለበት ጽፌአለሁ፣ ስለ ማንኪያ ጽፌአለሁ። ውኃ የሚል ቃል የለበትም፣ ቀለም አልባ ለማለት ካነሣሁት በቀር። ከዚህ በላይ አልሄድም። ማብራሪያም አልጠይቅዎትም።

ደብዳቤውን አስከትለው የላኩት አጭር ካርድ በሁለተኛው ቀን ደረሰኝ። ነገሩ እስከ ሜይ 9 ድረስ በመካከላችን ይቆይ ብለዋል። እሺ። ከዚያ በፊት ለማንም አልናገርም። ከዚያ በኋላ ግን የቀረችኝ ሦስት ሳምንት ብቻ ናት። እርስዎም ገጹን እንደማይጽፉ ካርዱ ነግሮኛል፤ «ሰውዬው ሽማግሌ ነው፣ ትዝታው አይታመንም» ብለው ስለራስዎ በሌላ ሰው አፍ ጽፈዋል።

ስለዚህ ሌላ መንገድ አስቤአለሁ። ቁንጣሪዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ ብዬ እጽፋለሁ። በራሴ ሐሳብ፣ ለአስተማሪዬ ሳልነግር። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ልምድ አልነበረኝም፤ ቀለሙ ሲደበዝዝ ደነገጥኩ። ሰው ያምነዋል። የ1968ቱን ነገር ማንም አይጠይቅም፤ በዚያ ዘመን በነበረው መሣሪያ የተሠራ ነው ይሉና ያልፉታል። የእርስዎ ስም ባለበት ይቆያል። እኔ ቤተ ሙከራውን አጣለሁ፤ አንዳንዶቹ የሙያ ስህተት ነው ብለው ይተዉኛል፣ አንዳንዶቹ አይተዉኝም። እዚህ ከተማ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ ይፈልጋል። ሄጄ አይቼዋለሁ። መስኮቶቹ ትልልቅ ናቸው።

ይህን ለእርስዎ ብዬ አላደርገውም፤ እንደዚያ እንዳያስቡ። ኮሚቴው መልስ ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ነገሩ እንዲያልቅ እፈልጋለሁ። ጥርስ ሊነቀል ማደንዘዣ እንደተወጋ ሰው ነኝ፤ መንጋጋዬን ስነካው የሌላ ሰው ይመስለኛል።

ከሐሳቡ ጋር ይስማሙ እንደሆነ ይጻፉልኝ።

ሚላ


ሮሳሪዮ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1997

ሚላ፣

ያልሽው ምክንያታዊ ነው። እስማማለሁ።

ስለ ውኃው ያልኩት በልማድ ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ውኃ ስለሆነ መልሱ ከአፌ ቀድሞ ይወጣል።

ሰሌዳው ላይ የሚቀረጸው ቃል ተመርጧል፤ ዲኑ ጽፎት እኔ አንድ ቅጽል አስወጥቻለሁ። በሥነ ሥርዓቱ ዕለት የድሮ መዝገቦቻችንን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ማሳየት ይፈልጋሉ። የሚዛኑ መዝገብ አለ፣ የባክቴሪያው አለ። የውኃው መዝገብ ግን የለም። በ1975 ውኃውንና ዕቃ ማጠቡን ትይዝልን የነበረችው ዶኛ ኔሊዳ ወደ ምድር ቤት ስትዛወር ይዛው የሄደች ይመስለኛል። አንቺ ከእሷ ጋር ካርድ እንደምትጻጻፊ ሰምቼ ነበር። አድራሻዋን ታውቂያለሽ? እኔ አላውቀውም።

እንቅልፍ እንዴት ነው? እኔ እተኛለሁ።

አኒባል ቴ.


ሉንድ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1997

ፕሮፌሰር፣

እኔም እተኛለሁ። ያስገርመኛል።

ጽሑፉ አልቋል። ሁለት መስመር ነው፦ «በ1981ዱ ሥራዬ የመዳብ ጨው የጨመርኩት በራሴ ውሳኔ ነው። አስተማሪዬ አላወቁም።» በስዊድንኛ ሲሆን ከዚህም ያጥራል። ሜይ 30 ዓርብ ነው፤ በዚያ ዕለት ጠዋት አስረክባለሁ። ቅጂውን እዚህ ውስጥ አድርጌልዎታለሁ። የሚያስተካክሉት ቃል ካለ ይመልሱልኝ።

ለሥነ ሥርዓቱ አልመጣም። ማረፊያ አይያዝ።

የዶኛ ኔሊዳ ኦቾቴኮ አድራሻ፦ ሳላዲዮ ሰፈር፣ ከጅረቱ ሦስተኛው መንገድ፣ አረንጓዴ የብረት በር፤ ቁጥር የለውም። ፖስተኛው ያውቃታል። ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል በየገናው ተጻጽፈናል። ስለ ዶሮዎቿ ትጽፍልኛለች፣ ስለ ወንዙ ከፍታ ትጽፍልኛለች። ስለ እርስዎ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። እኔ ስመጣ እሷ ከእኛ ፎቅ ከወረደች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ብርጭቆ በትክክል ማጠብ የተማርኩት ግን ከእሷ ነው።

ሄደው ካገኟት ሰላም ይበሉልኝ። የማደርገውን ነገር ግን እንዳይነግሯት።

ሚላ


ሮሳሪዮ፣ ሜይ 5 ቀን 1997፣ ሰኞ

ሚላ፣

አድራሻው ትክክል ነው። ቅዳሜ ሄድኩ። እንዳይነግሯት ያልሽውን ነግሬአታለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ወደታች እጽፍልሻለሁ።

አስቀድሜ ለምን እንደሄድኩ ላስረዳሽ። የመስተዋቱ ሣጥን እውነት ነው፣ ዲኑም መዝገቡን ጠይቋል። እኔ የሄድኩት ግን ተቀብዬ ላጠፋው ነው። ምን እንደተጻፈበት አውቃለሁ።

በ1966 ውኃ የምናጣራበት የመስተዋት ዕቃ ተሰበረ። ሌላ የሚመጣው ከውጭ አገር ነበር፤ የማስገቢያ ፈቃዱ ሁለት ዓመት ይፈጃል አሉ። ስምንት ፈጀ። እስከዚያ አንድ የከሠረ የአኒስ መጠጥ አምራች ድስቱን ሰጠን። እንደ አረቄ ማውጫ ነው፤ ትልቅ የመዳብ ድስት፣ ውስጡ በነጭ ቆርቆሮ የተለበጠ። ልባጡ እስካለ ድረስ ውኃው ምንም አይልም። ልባጡን የሚያየው ድስቱን የሚያጥብ ሰው ብቻ ነው። እኛ ከላይ ቀለበት እያስወለቅን፣ የተማሪ ቀበቶ እየፈተሽን ነበር። ብረት በበር እንጂ በቧንቧ ይገባል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በኖቬምበር 1967 ዶኛ ኔሊዳ መጥታ ልባጡ አልቋል አለችኝ። ጽሑፉ ማተሚያ ቤት ገብቶ ነበር። ይሁን አልኳት። ያኔ ጥቂት ነገር መስሎኝ ነበር፤ ይህን እውነት ነው ብዬ መጻፍ እችላለሁ። በ1974 የመስተዋቱ ማጣሪያ መጣ። በአዲሱ ውኃ የመጀመሪያዋ ወፍራም ስትወጣ ቀለም አልነበራትም። ያን ዕለት ገባኝ። ምሳ ሰዓት ነበር፣ ሁሉም ወጥተዋል። ሰማያዊውን ጨው ከመደርደሪያ አወረድኩና በቀንድ ማንኪያ ቆንጥሬ ጨመርኩ። ሲመለሱ ሰማያዊ ሆና አገኟት። የአንቺን መስመርም የሰረዝኩት እኔ ነኝ። አስታውሳለሁ።

ቅዳሜ ስደርስ ዶኛ ኔሊዳ ጓሮ ተቀምጣ የዓሣ ቅርፊት ታነሣለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ስታየኝ አልተነሣችም።

«ማን ሞተ?» አለች።

ማንም አልሞተም አልኳት።

«በሃያ ሁለት ዓመቱ የሚመጣ እንግዳ ወይ መርዶ ይዟል ወይ ወረቀት።»

ወረቀት ነው አልኩ።

«መርዶ ይሻል ነበር። ለመርዶ ወንበር ይቀርባል።» ግን በእግሯ አንድ በርጩማ ወደ እኔ ገፋችልኝ። «ይቀመጡ፣ ዶክተር። ቀለበትዎን እዚያ ያስቀምጡና።» ያሳየችኝ የዓሣው ሆድ ዕቃ ያለበትን ሣህን ነው።

ስለ ዶሮዎቿ አወራን፣ ስለ ጭሱ አወራን። ጅረቱ ባለፈው ዓመት ሞልቶ ደጃፏ ድረስ መጥቶ እንደነበር ነገረችኝ። አዳራሹ በስሜ ሊጠራ ነው ስላት፣ የትኛው፣ ጣሪያው የሚያፈሰው? አለችኝ። አዎ እሱ አልኩ። ከዚያ ልጅቷ እንዴት ናት አለች። ደህና ናት ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ለምን እንዳላለፍኩ አላውቅም። ለጸሐፊ እንደሚያስጽፍ ሰው ሁሉንም በተራ ነገርኳት፤ ዚንኩን፣ ኮሚቴውን፣ የምታስረክቢያትን ሁለት መስመር። እጇ ሥራውን አላቋረጠም።

«አንተስ?» አለችኝ። አንተ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ተስማምቻለሁ አልኳት።

«ያቺ ልጅ ምድር ቤት ወርዳ ዕቃ ማጠብ አሳዪኝ አለችኝ። ዶክተሩ ከሰሙ ያባርሩሻል አልኳት። ካባረሩኝ ንጹሕ ብርጭቆዬን ይዤ እሄዳለሁ አለች። አንድ ብርጭቆ አሥራ አንድ ጊዜ ስታለቀልቅ አይቻለሁ። እሷን ነው በድብቅ ጨመረች የምትሏት?»

ዓሣውን ገለበጠች።

«እኔንስ ምን ብለህ ነበር ያወረድከኝ?»

አስታውሳለሁ። ለፋኩልቲው የጻፍኩት፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ዕቃ ትሰብራለች ብዬ ነው። የመስተዋቱ ማጣሪያ በመጣ በስምንተኛው ወር ነበር። ድስቱ ተነሥቶ ተጥሎ ነበር፤ ስለ ድስቱ የምታውቅ ሰው የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። የጻፍኩትን ቃል በቃል ነገርኳት። ወረቀቱን አሳይቷት የሚያውቅ ሰው አልነበረም መሰለኝ፤ አንዴ ብቻ አንገቷን ነቀነቀች።

ከዚያ ቢላዋውን እንደያዘች ክንዷን ፊቴ ዘረጋች። ቅርፊት ተለጥፎበታል። ምን ያህል እንደቆየች አልቆጠርኩም። አንድ ዶሮ መጥታ ከሣህኑ ላይ አንድ ነገር ይዛ ሄደች። ክንዷ እዚያው ነው።

«ተንቀጠቀጠ?»

«አልተንቀጠቀጠም።»

«እንግዲያው ጻፈው» አለችና ወደ ዓሣው ተመለሰች።

ልሄድ ስነሣ ገብታ መዝገቡን አመጣች። በትራስ ልብስ ጠቅልላ ነው ያኖረችው። አላስጨበጠችኝም። ለመስተዋት ሣጥን ከሆነ እዚሁ ይቀራል፣ ለልጅቷ ከሆነ ውሰድ አለችኝ። ለሚላ ነው አልኳት። ስናገረው እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም ነበር። መዝገቡን ለማግኘት የሚባለው እሱ ብቻ ነበር፣ አልኩት። ግማሹን ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ ጨመረችልኝ። ቤት ገብቼ ጠበስኩት። ጥሩ ዓሣ ነበር።

መዝገቡ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ኖቬምበር 14፣ 1967፦ «የድስቱ ልባጥ ሥሩ ላይ አልቋል። ቀዩ ይታያል። ለዶክተሩ ተነግሯል።» ከሥሩ የእኔ የስም ምልክት አለ። ከመዝገቡ እስከ ምድጃው አራት እርምጃ ነው። ሁለት ቀን ሆነኝ፣ ወደዚያም አልወሰድኩት፣ ወደ አንቺም አልላኩት። ይህን ደብዳቤም ቢሆን እልከው እንደሆነ አላውቅም።


ሜይ 8፣ ሐሙስ

ከላይ ያለውን ሳልልከው ይዤው ከርሜአለሁ። አሁን የምጽፍልሽ ከፋኩልቲው ጽሕፈት ቤት ነው፣ ከሴኞራ ኢሩፔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ። የዲኑ ጸሐፊ ናት። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለመጣች አታውቂያትም።

የመጣሁት ለመፈረም ነው። አዳራሹ በስሜ እንዲጠራና ሰሌዳው እንዲሰቀል መፍቀዴን የሚገልጽ ቅጽ ነው። የሰሌዳው ቃል በቅጹ ላይ ተተይቧል፦ «መዳብ ሕይወትን እንዴት እንደሚያገለግል ያሳዩን።» ሁለት ፊርማ ይፈልጋል። አንዱን ፈረምኩ። ሁለተኛው የሚፈረመው በማኅተሙ ላይ ነው፤ የማኅተሙ ቀለም ደግሞ ደርቋል። ኢሩፔ ከሂሳብ ክፍል ልታመጣ ወረደች። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «እንዳይጠፉብኝ ዶክተር፤ ነገ ግድግዳ ይሆናሉ፣ ዛሬ ግን ገና ሰው ነዎት፣ ሰው ደግሞ ይጠፋል» አለችኝ። ሳቅኩላት።

የጠየቅሽኝን ገጽ ትናንት ጠዋት ጽፌዋለሁ። ዘጠኝ መስመር ወጣው። ድስቱ አለበት፣ የኔሊዳ ቃል ከነቀኑ አለበት፣ ቁንጣሪዋን ማን፣ መቼ፣ በምን ማንኪያ እንደጨመረ አለበት፣ የተሰረዘው መስመርም አለበት። ስለ ኔሊዳ እጅ የጻፍኩት ሐሰት እንደነበረ በመጨረሻው መስመር አስገብቻለሁ፤ ለኮሚቴው አይጠቅመውም፣ አታውጪው። የይቅርታ ቃል አልጨመርኩም። አንቺም ለዚያ ብለሽ አልጻፍሽልኝም።

ጽፌ ስጨርስ የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እግርሽ ደንዝዞ ስትነሺ መሬቱ እንዳለ ታውቂያለሽ፣ ግን አይሰማሽም። እንደዚያ ነው። ምናልባት ቆይቶ ይነዝረኝ ይሆናል። ዛሬ ግን ቡናማ ኮቴን ለብሼ፣ ገጹንና መዝገቡን በትልቅ ፖስታ ከትቼ፣ በዚያው እጄ ቅጽ ልፈርም መጣሁ። ሁለቱንም አደርጋለሁ ብዬ አስቤ ነበር መሰለኝ፤ ዛሬ እዚህ ፈርሜ፣ ነገ ተጨብጭቦልኝ፣ ከዚያ ለአንቺ መላክ።

የአየር ፖስታው ከረጢት ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ማኅተሙን ከጠበቅኩ አልደርስም። የሚቀጥለው ሐሙስ አለ፤ ያም ቢሆን ከሜይ 30 በፊት ይደርስልሽ ይሆናል። ግን ራሴን አውቀዋለሁ።

በቅጹ ላይ፣ ከሰሌዳው ቃል ሥር፣ «ይህ ትክክል አይደለም» ብዬ ጽፌ ቀን አድርጌበታለሁ። ጠረጴዛዋ ላይ እተወዋለሁ። ያቺን ሁለት መስመርሽን ቅደጃት።

ኢሩፔ ደረጃውን እየወጣች ነው፤ ከአንድ ሰው ጋር ትሳሳቃለች፣ ቀለሙን አግኝታለች መሰለኝ። በግቢው በኩል ሌላ በር አለ። ወጣሁ።